ያገለገለ ዕቃ በኢንተርኔት ስትሸጡና ስትገዙ፦ ከመጀመሪያው መልእክት እስከ ርክክብ

"አለ?"
"አለ።"
"ላስት ስንት?"

ከዚያ ዝምታ። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ፣ ጂጂ ላይ ወይም ፌስቡክ ላይ ዕቃ ለጥፎ የሚያውቅ ሰው ይህችን ጭውውት በቃሉ ያውቃታል። ገዢም የራሱ ብሶት አለው። ከአያት ተነስቶ ሁለት ታክሲ ቀይሮ ሜክሲኮ ሲደርስ "ወንድሜ፣ አሁን ተሸጠ" ይባላል። ወይም "ምንም እንከን የለውም" የተባለው ስልክ ካሜራው ጭጋግ ለብሶ ያገኘዋል።

ሌባማ አለ፤ እሱን በየደረጃው እናነሳዋለን። አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚነሳው ግን ሁለት ደህና ሰዎች መካከል ነው። ዋጋው፣ እንከኑ፣ ቦታውና አከፋፈሉ አንዱ ታክሲ ከመሳፈሩ በፊት በጽሑፍ ስላልተነገረ ነው የሚጣሉት። ከታች ያለው ቅደም ተከተል ያንን ሁሉ ወደ ፊት ያመጣዋል።

የጻፍኩት አዲስ አበባን አስቤ፣ ለስልክ፣ ለላፕቶፕና ለቤት ዕቃ ነው። መኪናና ቤት ሰነዶች ማረጋገጫ ድረስ የሚያስኬዱ ስለሆኑ እዚህ አልገባባቸውም።

ደረጃ 1፦ ሻጭ፣ ከመለጠፋችሁ በፊት

1. ዕቃውን አጽዱ፣ ከዚያ ራሳችሁ ሞክሩት። ሁሉንም ቁልፍ፣ ሁሉንም ቀዳዳ። ገዢው ፊት "እንዴ! ይሄ እኮ ይሠራ ነበር" ማለት በጣም ያሳፍራል፣ ዋጋም ያወርዳል።

2. ፎቶውን በቀን ብርሃን ራሳችሁ አንሱ። ከፊት፣ ከኋላ፣ ከጎን፣ እንከኑን ደግሞ ቀረብ ብላችሁ። ከኢንተርኔት የወረደ ፎቶ የሚለጥፍ ሻጭ ገዢ ሲጠራጠረው መናደድ አይችልም። የመለያ ቁጥሩንና የስልኩን አይኤምኢአይ (እያንዳንዱ ስልክ ለብቻው ያለውን ቁጥር) ሸፍኑ፤ ገዢ በአካል ሲመጣ ያየዋል። ከኋላ የልጆች ፎቶ ወይም የቤት ቁልፍ እንዳይታይም ተመልከቱ።

3. ሁለት ዋጋ ወስኑ። አንዱ የምትለጥፉት ነው። ሌላው ከዚያ በታች የማትወርዱበት፣ ለማንም የማትናገሩት። ሁለተኛውን ሳይወስኑ የሚለጥፉ ሰዎች ናቸው በኋላ በየሰዓቱ ሐሳባቸውን የሚቀይሩት።

4. ዕቃው የማን እንደሆነ ቤት ውስጥ ተስማሙ። ሶፋው የባልና የሚስት ከሆነ ሁለቱም ዋጋውን ይወቁ። ገዢ አይሱዙ ተከራይቶ ከመጣ በኋላ "ባለቤቴ አልተስማማችም" ማለት የሰው ገንዘብ ማባከን ነው።

5. ስልክ ከሆነ የራሳችሁን ፋይል ገልብጡ፣ ከአይክላውድ ወይም ከጉግል አካውንታችሁ ውጡ፣ ከዚያ ሪሴት አድርጉት፣ ማለትም ከፋብሪካ እንደወጣ ባዶ ይሁን። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት። አካውንቱ ሳይወጣ ሪሴት የተደረገ ስልክ ገዢው ቤት ሲደርስ የእናንተን ፓስዎርድ ሊጠይቅ ይችላል፤ ያኔ ደግሞ "ሌባ" ተብሎ ይደወልላችኋል።

ደረጃ 2፦ ማስታወቂያውን መጻፍ

አጭርና ሙሉ ይሁን። እንዲህ ያለ፦

"ሳምሰንግ ኤ54፣ 256 ጂቢ፣ 8 ራም። 1 ዓመት ከ4 ወር ተጠቅሜበታለሁ። ስክሪኑ ግራ ጥግ ላይ ጭረት አለው፣ አራተኛው ፎቶ ላይ ይታያል። ባትሪው ቀኑን ይውላል። ካርቶንና ቻርጀር አለ፣ ደረሰኝ የለም። 24,000 ብር፣ አይቶ ለሚገዛ ትንሽ ድርድር አለው። ገርጂ። ከጠዋቱ 3 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ይደውሉ። በደላላ አልሸጥም።"

ዋጋው የምሳሌ ነው፣ የራሳችሁን አስገቡ። እዚህ ውስጥ የሌለ ነገር ሁሉ በኋላ በስልክ የምትመልሱት ጥያቄ ነው።

"ዋጋ በኢንቦክስ" የሚል ማስታወቂያ እኔ በበኩሌ አልፌው ነው የምሄደው። ብዙ ሰውም እንደዚያው። ዋጋ መደበቅ ሻጩ እንደ ጠያቂው አነጋገር ሊተምን ነው የሚል ጥርጣሬ ያመጣል፣ ቀሪው ደግሞ ኮመንት ላይ "ዋጋ?" "ዋጋ?" "ዋጋ?" እያለ ይሰለፋል። 1 ብር ብሎ መለጠፍ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው።

እንከኑን ጻፉ። "ትንሽ ነገር አለው" ሳይሆን ምን እንደሆነ። ሰው ጭረት ያለበት ስልክ ይገዛል፤ ያልተነገረው ጭረት ያለበትን ግን በንዴት ጥሎት ይሄዳል።

ሰፈር ብቻ ጻፉ፣ የቤት ቁጥር አያስፈልግም።

ደረጃ 3፦ ገዢ፣ የመጀመሪያው መልእክት

መጀመሪያ ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው አንብቡ። ተጽፎ ያለውን ዋጋ መልሶ የሚጠይቅ ሰው ለሻጩ ምን እንደሚመስል አስቡት።

ከዚያ ሁሉንም በአንድ መልእክት ላኩ። "ሰላም" ብላችሁ መልስ አትጠብቁ። "ሰላም፣ ደህና ነህ፣ እንዴት ነህ፣ ሁሉ ሰላም" እያሉ አራት መልእክት መላክም ሰላምታ አይደለም፣ ስልክ ማንጫረር ነው። እንዲህ በሉ፦

"ሰላም፣ ገርጂ ያለው ኤ54 ገና አልተሸጠም? ስክሪኑ ተቀይሮ ያውቃል? 22,000 ከሆነ ቅዳሜ ከሰዓት መጥቼ በቴሌብር ከፍዬ መውሰድ እችላለሁ።"

እዚህ ውስጥ አራት ነገር አለ፦ የትኛው ዕቃ፣ አንድ ቁም ነገር ያለው ጥያቄ፣ ቁርጥ ያለ ዋጋ፣ ቀንና አከፋፈል። ሃምሳ "አለ?" መካከል እንዲህ የጻፈው ሰው ነው መልስ የሚያገኘው።

አጠራር ላይ ተጠንቀቁ

የፕሮፋይል ስም ብዙ ጊዜ አያስታውቅም። "ወንድሜ" ያላችኋት ሴት፣ "አንቺ" ያላችሁት ሽማግሌ ሊሆኑ ይችላሉ። እስክታውቁ ድረስ በ"እርስዎ" ጻፉ ወይም ከላይ እንዳለው ምሳሌ ሰውን ሳይጠሩ ዕቃውን ጠይቁ። ሻጩ ራሱ "አንተ በለኝ" ካለ ያኔ ይቀልላል።

ሴት ሻጭ ስትሆን ደግሞ ወንዶች እባካችሁ። ስለ ፕሮፋይል ፎቶዋ አስተያየት አትስጡ። "ቆንጆ" አትበሉ። ሽያጩ ካለቀ በኋላ "እንዴት ነሽ" ብላችሁ አትጻፉ። ቁጥሯን የሰጠችው ፍሪጁን ለመሸጥ ነው።

ስልክ መደወል

ማስታወቂያው ሰዓት ካለው በዚያ ሰዓት። ከሌለው ከጠዋቱ 3 በፊትና ከምሽቱ 2 በኋላ አትደውሉ። ሚስድ ኮል አድርጎ ሻጩ እንዲደውል መጠበቅ አይሠራም፤ 24 ሺህ ብር ሊከፍል የመጣ ሰው የደቂቃ ሂሳብ መቆጠብ ምን ይባላል? የድምፅ መልእክት ከላካችሁ አጭር ይሁን። ዋጋና ቀጠሮ ግን ሁልጊዜ በጽሑፍ፣ በኋላ ወደ ላይ ተመልሶ የሚታየው እሱ ነው።

መልስ ካልመጣ

አንድ ቀን ጠብቁ፣ አንዴ አስታውሱ፣ ከዚያ ተዉት። ኮመንት ላይ "ኢንቦክስ እያነበበ አይመልስም፣ ሌባ ነው" ብሎ መጻፍ ነውር ነው። ሻጭም በበኩሉ አንድ "ተሽጧል፣ አመሰግናለሁ" መጻፍ አይከብደውም። መልእክቱ ከበዛባችሁ አንዴ ጽፋችሁ ለሁሉም ገልብጡት።

ደረጃ 4፦ ድርድር

መደራደር ነውር የለውም፤ ሻጩም ጨምሮ የለጠፈው ያንን አውቆ ነው። ጠብ የሚመጣው ከአደራደሩ ነው።

ገዢዎች፦

- ዕቃውን እያጣጣላችሁ አትደራደሩ። "ይሄ እኮ 10 ሺህም አያወጣም" ካላችሁ ለምን ትፈልጉታላችሁ? "በጀቴ 22 ነው" ማለት ይበቃል።
- ከተለጠፈው ግማሽ አትጥሩ። መርካቶ መንገድ ላይ ይሠራ ይሆናል፣ እዚህ ግን ብሎክ ያስደርጋል።
- "ላስት ስንት?" የሚለውን ተዉት። ሻጩ የመጨረሻውን ቢነግራችሁ እንኳ ከዚያ ላይ ልትቀንሱ እንደሆነ ስለሚያውቅ እውነቱን አይነግራችሁም። ዋጋ እናንተ ጥሩ።
- በሰው ማስታወቂያ ሥር "ውድ ነው"፣ "መገናኛ በ18 አለ" ብላችሁ አትጻፉ። መገናኛ ካለ መገናኛ ሂዱ። የራሳችሁን ዕቃ እዚያ ሥር ማስተዋወቅማ አድሚን ቢያባርራችሁ ይገባችኋል።

ሻጮች፦

- ዝቅተኛ ዋጋ ሲመጣ "ይቅርታ፣ በዚህ አልችልም፣ 23 የመጨረሻዬ ነው" በሉ። "ሂድ ወደዚያ ድሃ" አይባልም።
- በጽሑፍ የተስማማችሁበትን ዋጋ ሰውዬው ሲመጣ አትጨምሩ። "ሌላ ሰው የበለጠ ሰጠኝ" እውነት ቢሆንም ለእሱ ቀድማችሁ ቃል ገብታችኋል።
- ወረፋ ያዙ። ቁርጥ ያለ ቀጠሮ የያዘ ሰው መጀመሪያ ነው፤ ቀጣዩን "ቅዳሜ የሚመጣ ሰው አለ፣ ካልወሰደው እነግርዎታለሁ" በሉት። የሌለ ገዢ ፈጥሮ ማስቸኮል ግን አብዛኛው ሰው የሚነቃበት የድሮ ዘዴ ነው።

አንድ ሕግ ለሁለቱም፦ በጽሑፍ የተቆረጠ ዋጋ በአካል እንደገና አይከፈትም። የሚከፈተው ያልተነገረ እንከን ከተገኘ ብቻ ነው። ስክሪኑ መቀየሩ ሳይነገር ቀርቶ ከታየ ገዢው ዋጋ የመቀነስ ወይም ትቶ የመሄድ መብት አለው። ጭረቱ ፎቶ ላይ ታይቶ ከነበረና እሱን ምክንያት አድርጎ በር ላይ 3 ሺህ ልቀንስ ካለ ደግሞ ሻጩ "ይቅር" ብሎ ቢገባ አይፈረድበትም።

ደላላ ከሆናችሁ መጀመሪያ ተናገሩ። ደላላነት ሥራ ነው። ገዢ መስሎ ፎቶውን ወስዶ በራስ ቻናል 5 ሺህ ጨምሮ መለጠፍ ግን ለዕቃው ባለቤትም ለገዢውም ችግር ያመጣል፣ ሁለት ዋጋ ያለው አንድ ፎቶ ሲታይ ሁለቱም ሐሰተኛ ይመስላሉ።

ደረጃ 5፦ ቀብድ

ለተራ ዕቃ ቀብድ አትጠይቁ፣ አትስጡም። ያላያችሁትን ዕቃ "ብዙ ሰው እየጠየቀኝ ነው፣ 2 ሺህ ላክና ልያዝልህ" የሚል ሰው ሲገጥማችሁ በትህትና እለፉት። በጣም ርካሽ ዋጋ፣ ጥድፊያና ቀብድ አንድ ላይ ከመጡ ደግሞ ትህትናውም ይቅር፣ ለአድሚን አሳውቁ።

ቀብድ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ዕቃውን በአካል አይታችሁ ወዳችሁት፣ ገንዘቡ ነገ የሚገኝ ሲሆን። ያኔም እንዲህ አድርጉ፦

1. መጠኑን ትንሽ አድርጉት።
2. በጽሑፍ "ለዚህ ዕቃ፣ ከጠቅላላ ዋጋ ይህን ያህል ቀብድ፣ ቀሪው እስከዚህ ቀን" ብላችሁ ተላላኩ።
3. ገዢው ቢቀር፣ ሻጩ ቢቀር ምን እንደሚሆን አብራችሁ ጻፉ።

ሦስተኛውን ያልጻፉ ሰዎች ናቸው በኋላ የሚካሰሱት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1885 ሌላ ስምምነት ከሌለ መልሱን ይሰጣል፦ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ሰው ከተወ ደግሞ አጠፌታውን፣ ማለትም የተቀበለውን እጥፍ ይመልሳል። ስለዚህ ቀብድ ተቀብላችሁ ለሌላ ከሸጣችሁ "ብርህን እኮ መለስኩልህ" አያወጣችሁም። "ቀብዴን መልስ፣ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ" የሚል ገዢም ሕጉ አብሮት አይቆምም።

ደረጃ 6፦ ቀጠሮ

1. ቦታ። ለስልክና ለላፕቶፕ ሰው የሚበዛበት፣ ሶኬትና መቀመጫ ያለው ካፌ፣ የገበያ ማዕከል ወይም የባንክ ቅርንጫፍ። የሁለታችሁ መካከል ቢሆን መልካም ነው፤ ካልሆነ ገዢው ወደ ሻጩ ይሄዳል። "አምጣልኝና ልየው" የሚል ገዢ የታክሲውን ቢከፍል ነው የሚያምርበት።

2. ሰዓት። ከውጭ የመጣ ወይም ውጭ ሆኖ ለቤተሰቡ የሚገዛ ሰው ካለ "8 ሰዓት" ማለት አደጋ ነው። አንዱ ከምሳ በኋላ ይመጣል፣ ሌላው ጠዋት ቆሞ ይጠብቃል። "ከሰዓት በኋላ 8፣ በእኛ አቆጣጠር" በሉ።

3. ጠዋት ላይ አረጋግጡ። ገዢው "እንደተባባልነው ነው፣ ተነሳሁ" ይበል። ሻጩ ካልመለሰ ገዢው አይነሳም።

4. ለቤት ዕቃ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ "መብራት አለ?" ፍሪጅ፣ ምጣድ፣ ልብስ ማጠቢያ ያለ መብራት ማየት ፎቶ ከማየት አይሻልም። መብራት ከጠፋ ሻጩ ቀድሞ ይደውል።

5. የሚመጣ ሰው ቁጥር። አንድ የሚያውቅ ሰው ይዞ መምጣት ተገቢ ነው። አራት ሆኖ መጥቶ አራቱም እየተቀባበሉ ዋጋ ማውረድ ግን ማስፈራራት ይመስላል። ሴት ብቻዋን ያለችበት ቤት ከሆነ በተለይ። ሻጮችም ቤት ሰው ሲመጣ ሌላ ሰው አብሯችሁ ይኑር፣ ሳሎን ያለውን ዕቃ አሳዩ፣ ቤቱን አታስጎብኙ።

ቤት የሄደ ገዢ ቡና ሊቀርብለት ይችላል። ያገራችን ነገር ነው፣ ደስ ይላል፣ ግን ሁለተኛውን ስኒ ጠጥቶ "እንከን አገኘሁበት፣ አልወስድም" ማለት ይከብዳል። ቼክ አድርጋችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ጠጡ።

ከዘገያችሁ ወይም ከቀራችሁ ወዲያው ደውሉ። "መንገዱ ተዘጋግቷል፣ 20 ደቂቃ" ማለት ማንንም አያስቀይምም። ግማሽ ሰዓት ያለ ወሬ ከጠበቃችሁ ሂዱ፣ አንድ መልእክት ብቻ ተዉ። ሁለተኛ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ሦስተኛ አይሰጥም።

ደረጃ 7፦ ዕቃውን ማየት

ሻጭ፣ ታገሡ። ገዢው ብዙ ሲፈትሽ አለማመን አድርጋችሁ አትውሰዱት። ገዢ፣ እያያችሁ ያላችሁት የሰው ንብረት ነው፤ ከመፍታታችሁ፣ ከማውረዳችሁ፣ ሲም ከመክተታችሁ በፊት ጠይቁ።

ለስልክ በዚህ ቅደም ተከተል፦

1. *#06# ደውሉ። የሚመጣውን አይኤምኢአይ ከካርቶኑ ጋር አመሳክሩ። ካልተመሳሰለ ካርቶኑ የሌላ ስልክ ነው፤ ምክንያቱን ጠይቁ።
2. የራሳችሁን ሲም ክተቱ፣ ደውሉ፣ ዳታ ክፈቱ። ከአሜሪካ የመጡ ብዙ ስልኮች ለአንድ ኔትወርክ የተቆለፉ ናቸው። አይፎን ላይ ሴቲንግ ውስጥ አባውት የሚለው ገጽ ላይ የካሪየር መቆለፊያ የሚል መስመር አለ፤ እገዳ የለም ካላለ ተቆልፏል። ሻጩ "በቺፕ ይሠራል" (መቆለፊያውን ለማለፍ ከሲሙ ጋር በሚገባ ቁራጭ) ካላችሁ ዋጋው የተከፈተው ስልክ ዋጋ መሆን የለበትም።
3. የቀድሞ ባለቤት አካውንት መውጣቱን እዩ። ካልወጣ እዚያው ያውጣው። "ቤት ሄጄ ፓስዎርዱን እልክልሃለሁ" የሚል ካለ ግብይቱ አበቃ።
4. ካሜራ የፊትና የኋላ፣ ድምፅ ማጉያ፣ ማይክ፣ ጣት አሻራ፣ ዋይፋይ፣ ቻርጅ ሲሰካ መቀበሉ።
5. የአይፎን ሞዴል ቁጥር የመጀመሪያ ፊደልም ይናገራል። ኤም አዲስ ሆኖ የተሸጠ ነው፣ ኤፍ ታድሶ የተሸጠ፣ ኤን ምትክ ሆኖ የተሰጠ። ኤፍ ወይም ኤን መሆኑ ጥፋት የለበትም፣ "ካርቶኑን እኔ ነኝ የከፈትኩት" ተብሎ ከተሸጠ ግን ያ ንግግር አብሮት አይሄድም።

ፍሪጅ ስታዩ ሻጩ ቀድሞ ሰክቶ ይጠብቃችሁ፤ አሁን የተሰካ ፍሪጅ መቀዝቀዙን ቆማችሁ አታውቁትም። በሩን ወረቀት አስገብታችሁ ዝጉበት፣ ወረቀቱ ያለ ችግር ከተሳበ ጎማው ለቋል። ስትወስዱት ቆሞ ይጫን። ተኝቶ ከሄደ ቤት አቁማችሁት ለጥቂት ሰዓታት ሳትሰኩ ተዉት፤ ወዲያው ሰክቶ ኮምፕሬሰሩን ያበላሸ ገዢ ሻጩን መክሰስ አይችልም። ሻጭም ይህን ለገዢው መንገር አለበት፣ አብዛኛው ሰው አያውቀውም።

ካልወደዳችሁት ምክንያት መደርደር አያስፈልግም። "አመሰግናለሁ፣ እኔ የምፈልገው አይደለም፣ ስላስቸገርኩ ይቅርታ" በቂ ነው። "ላስብበትና እደውላለሁ" ብሎ ስልክ አለማንሳት ሻጩ ሌላ ገዢ እንዲመልስ ያደርገዋል።

ደረጃ 8፦ ክፍያ

ከሁሉም በላይ እዚህ ተጠንቀቁ። ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ነው።

1. ስንት፣ በምን እንደሚከፈል ቀድሞ ተነግሯል። ገዢው ከመምጣቱ በፊት በቀን መላክ የሚችለውን የገንዘብ ገደብ አይቶ ይምጣ። ገደቡ ያለቀበት ገዢ ግማሹን ከፍሎ "ቀሪውን ነገ" ሲል ሻጭ ዕቃውን አይሰጥም።

2. ሻጩ ቁጥሩን ወይም ሒሳቡን ያሳያል፣ ገዢው ያስገባል። አፑ ስም ሲያወጣ ጮክ ብሎ ያንብብ። ስሙ የሻጩ ካልሆነ ይቁም። "የወንድሜ አካውንት ነው" ከተባለ ከርክክቡ ወረቀት ላይ ይጻፍ፣ ወይም በጥሬ ይከፈል።

3. ገዢው ይልካል። ሻጩ የገዢውን ስክሪን አያይም፣ የራሱን ሒሳብ ይከፍታል። ስክሪንሾት በደቂቃ ይሠራል። "ገቢ ሆኗል" የሚል መልእክትም ከተራ ስልክ ቁጥር ሊመጣ ይችላል፤ የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው። መልእክቱ ትክክል ቢመስል እንኳ ቀሪ ሒሳባችሁ ጨምሮ ካላያችሁ አልገባም። የንግድ ባንክ ደረሰኝ ሲያሳዩአችሁ በኤፍ ቲ የሚጀምረውን ቁጥር በራሳችሁ አፕ ላይ ካለው ጋር አመሳክሩ።

4. ገንዘቡ የመጣው ፊታችሁ ከቆመው ሰው ነው? የላኪውን ስም እዩ። አንዱ የተለመደ ማጭበርበር እንዲህ ነው፦ አጭበርባሪው የሌለውን ላፕቶፕ ለሌላ ሰው ይሸጥና የእናንተን ሒሳብ ቁጥር ይሰጠዋል። ያ ምስኪን ብሩን ለእናንተ ይልካል፣ አጭበርባሪው ስልካችሁን ይዞ ይሄዳል፣ ፖሊስ ደግሞ እናንተን ያገኛል። የላኪው ስም ካልታወቀ ዕቃው ከእጃችሁ አይወጣ።

5. ከዚህ በኋላ ዕቃው ይሰጣል። ከዚህ በፊት አይሰጥም።

ይህን ሁሉ ሳታስቀይሙ ማድረግ ይቻላል። "አለማመኔ አይደለም፣ ለሁሉም ሰው የማደርገው ነው፣ አንዴ ቁጭ እንበል" በሉ። ደህና ገዢ አይከፋውም። የሚቆጣ፣ የሚያጣድፍ፣ "ሰው አታምኑም እንዴ" እያለ ዕቃውን ወደ ቦርሳው የሚከት ከሆነ ግን ቁጣው ራሱ መልስ ነው።

ኔትወርክ ከጠፋ ገንዘቡ ከገዢው ወጥቶ ለሻጩ ሳይገባ ሊዘገይ ይችላል፣ በተለይ ከባንክ ወደ ሌላ ባንክ ሲላክ። ገዢው እንደገና አይላክ። አብራችሁ ቁጭ በሉ፣ ዕቃው ጠረጴዛ ላይ ይሁን። ካልገባ ሁለታችሁም የግብይቱን ቁጥር ፎቶ አንሱ፣ ዕቃው ሻጩ ጋር ይደር፣ እሱም "ብሩ እንደገባ ዕቃው የእርስዎ ነው፣ ለሌላ አልሸጥም" ብሎ በቴሌግራም ይጻፍ። ገዢው ባዶ እጁን ሲሄድ ይቺ አንድ መስመር ናት የምታሳድረው።

በስህተት ብዙ ላክሁ፣ ትርፉን መልስልኝ ከተባላችሁ ከኪሳችሁ አትመልሱ። መጀመሪያ ሒሳባችሁ ላይ መግባቱን እዩ፣ ከገባ ወደ መጣበት ሒሳብ ብቻ መልሱ። ሌላ ቁጥር ከተሰጣችሁ ባንክ ይሂድ በሉት።

ደረጃ 9፦ ርክክብ

ለስልክና ለላፕቶፕ አንዲት ወረቀት ጻፉ። ቀን፣ የዕቃው ዓይነት፣ መለያ ቁጥር፣ ዋጋ፣ የተነገረው እንከን፣ የሁለታችሁ ስምና ፊርማ። መታወቂያ ተያዩ። ወረቀቱ ገዢውን ይጠብቃል፣ የተሰረቀ ዕቃ ሆኖ ቢገኝ ከማን እንደገዛው ያሳያል። መታወቂያውን የማያሳይ የስልክ ሻጭ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ይቅርባችሁ።

የመሞከሪያ ጊዜ ካለ እዚያው ይጻፍ። "ሁለት ቀን፣ ካልወደቀና ውኃ ካልነካው" የሚል ዓይነት። ምንም ካልተባለ ገዢው በሳምንቱ "ባትሪው አልተመቸኝም" ብሎ እንዳይደውል። ሻጩ ግን አውቆ የደበቀው ነገር ከታወቀ ስልክ መዝጋቱ አያዋጣም፣ ብሩን መልሶ ዕቃውን ይውሰድ ወይም የጥገናውን ይካፈል። ወረቀቱ ላይ ስሙ አለ።

ዕቃው በሞተረኛ የሚላክ ከሆነ ማን እንደሚከፍል ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ወደ ክፍለ ሀገር በአውቶቡስ ሲላክ ደግሞ ሻጩ ሲያሽግ አጭር ቪዲዮ ይቅረጽ፣ የሾፌሩን ቁጥርና ታርጋውን ይላክ፤ ገዢውም ሲፈታ ይቅረጽ። ያልተያየ ሰው ሙሉ ክፍያ ቀድሞ ከላከ ግን ዕጣውን ነው የጣለው። ሐዋሳ ወይም ደሴ ያለ ገዢ አዲስ አበባ ያለ ዘመዱን ልኮ ቢያሳይ ይሻለዋል።

ደረጃ 10፦ ከሸጣችሁ በኋላ

በዚያው ቀን ማስታወቂያውን አንሱ ወይም "ተሽጧል" ብላችሁ አርሙ። በአምስት ግሩፕ ለጥፋችሁ ከሆነ አምስቱም ላይ። ቀጠሮ ላልደረሳቸው ሰዎች ንገሩ። የገዢውን ቁጥርና መታወቂያ ለማንም አታሳልፉ።

ከተጭበረበራችሁ

አትሳደቡ፣ ብሎክም አታድርጉ፤ ቴሌግራም ላይ እሱ ጽሑፉን ከሁለታችሁም በኩል ሊያጠፋው ይችላል። መጀመሪያ ሙሉውን ጭውውት፣ ማስታወቂያውን፣ ዩዘርኔሙንና ስልክ ቁጥሩን ስክሪንሾት አንሱ። ወዲያው ባንካችሁ ወይም ቴሌብር ጋር ደውሉ፣ የግብይቱን ቁጥር ስጡ። ገንዘቡ ካልወጣ የመያዝ ዕድል አለ፣ ሰዓት ባለፈ ቁጥር ግን ይጠባል። ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ አመልክቱ። ለአድሚኑ ማስረጃውን በግል ላኩለት። የሰውየውን ፎቶ ከነ "ሌባ" ጽሑፍ በየግሩፑ አትበትኑ፤ ፎቶውም ስሙም ከሌላ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ስም በማጥፋት የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ።